ቆሞ ለሚሄድ ሰው ሰደቃ

አል ዋክራ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሳደገኝ አጎቴ ለይመር አሊ፤ ሐይቅ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የአክስቴ የዘይነባንም ጉልበት ያበርታልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አሠሪዬ ማዳም ጠባይዋ ተሻሽሏል፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዴም ታድሷል፤ በእኔ በኩል አይስጉ። ስልክ ሰው ይጠልፈዋል ብለው እንደማያነሱ ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ ለእረፍት ለሚመጣው ለሹፌሩ ለሙሀሲን ሰጥቼዋለሁ።

የምጽፍልዎ አንድ ደስ የሚል ነገር ስላለ ነው። እዚህ የአገራችን ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው ለዘማቾች ምሳ ሊያዘጋጁ ነው። ዶሃ ውስጥ ዛሬ ጥበቃና ሹፌር ሆነው የሚሠሩ፣ በወጣትነታቸው ግን በድንበሩ ጦርነት የተዋጉ ሰዎች አሉ። እነሱ በክብር ተቀምጠው እኛ እናስተናግዳቸዋለን። ምሳው ሱቅ ዋቂፍ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ጁምዓ ለክርስቲያኖቹ የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሜ እንዲሆን ተስማምተናል፤ የካቲት 15፣ የሁለታችንም ትልቁ ጾም ሳይገባ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ብለው ስሞቹን ጨርቅ ላይ የምጽፈው እኔ ሆኛለሁ።

እኔም ስለ እርስዎ ነገርኳቸው። ሊቀመንበሩ አቶ በየነ ይባላሉ፤ «ፎቶአቸውን አስመጪና ግድግዳ ላይ ሰቅለን በስማቸው ምሳ እንበላለን» አሉኝ። ስለዚህ የወታደር ልብስ ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ይላኩልኝ። ያኔ የነበሩበትን ክፍለ ጦርም ይጻፉልኝ።

ለጨጓራዎ የላክሁት መድኃኒት ረዳዎ? ወይስ ዘይነባ አሁንም ፍየል በታረደ ቁጥር ለእርስዎ ለብቻ ሽሮ ትሠራለች? ከዚህ የሚፈልጉትን ይዘዙኝ።

ልጅዎ ሀምዲያ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀምዲያ ሰኢድ

ወአለይኪ ሰላም። አላህ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ፤ ወጥተሽ የምትገቢበትን ሰላም ያድርገው። እኔም ዘይነባም አለን። ማሽላው ገብቷል።

ደብዳቤሽን ሙሀሲን አመጣልኝ። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና የታሸገ መሰለኝ። ብጠይቀው «ሙጫው በሙቀት ለቆ ነው» አለኝ። ይሁን ብዬ ተቀበልኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በሰው ስም ምሳ ማብላት ለማን እንደሚደረግ ረሳሽው? እኛ አገር ይህ ሰደቃ ይባላል፤ የሚበላውም ለሟች ነው። እኔ ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሣር አጭጄ፣ ተሸክሜ፣ ዳገቱን ወጥቼ ነው የመጣሁት። ሞቷል ብሎ የነገራችሁ ማነው?

ደግሞስ ክፍለ ጦር የሚጠይቅ የምሳ ኮሚቴ ምን ዓይነት ነው? የምሳ ኮሚቴ የሚጠይቀው ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይበቃል ብሎ ነው። ወጣት ሳለን ቀበሌው ስማችንን ሲመዘግብ የኳስ ቡድን ሊያቋቁምልን ነው ተብሎ ነበር። ተሰልፈን ተመዘገብን። ከዚያ ወዲያ ኳሱን አላየሁትም፤ ያየሁት ምሽግ ነው። አሁንም የቀድሞ ወታደር ማን አለ እያሉ ሰፈር ለሰፈር የሚጠይቁ ሰዎች አይጠፉም፤ ለምን እንደሚጠይቁ ግን አይናገሩም።

በየነ የሚሉት የማን ልጅ ነው? የየት አገር ሰው ነው? የሚሠራበት ቢሮስ የምን ቢሮ ነው? ይህን ሳትጽፊልኝ ፎቶ አልልክም። አንቺም ብትሆኚ በእጄ ስታድጊ አንድ ቀን ስለ ጦርነቱ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሰው አስጠይቆሽ ከሆነ ሳትፈሪ ንገሪኝ።

ፍየል እንደማይስማማኝ እኔ አውቃለሁ፤ እሱን ተይው። የምትልኪልኝ ካለ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ይሁን። ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ኮቴ እሰማለሁ።

አጎትሽ ይመር አሊ


አል ዋክራ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለይመር አሊ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። አላህ ከሐሳብ ያሳርፍዎ። ባትሪውን ወደ ኮምቦልቻ ለምትገባ ልጅ ሰጥቻታለሁ፤ ሁለት ድንጋይ ይወስዳል።

አቶ በየነ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ አንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሒሳብ ይሠራሉ። የሚያሰጋ ነገር አላየሁባቸውም። የሚያሰጋ ነገር የመጣው በሌላ በኩል ነው።

ከሚከበሩት ዘማቾች መካከል ጣሰው የሚባል ሰው አለ። የመጋዘን ጠባቂ ነው። ክርስቲያን ነው፤ ጁምዓ ጠዋት አቡ ሃሙር ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ከዚያ ወደ ስብሰባችን ይመጣል። ምሳው ሳይጀመር ከግንባር ያልተመለሱ ጓዶቻቸው ስም ይነበባል፤ ስማቸውን የሰጠን እሱ ነው። ከስሞቹ አንዱ ይመር አሊ የሚል ነው። እኔ በወሎ ይመር የሚባል ሞልቷል ብዬ ነገሬ አላልኩትም ነበር።

ያለፈው ጁምዓ «አጎቴ ፎቶውን አልላከም፤ ሐይቅ ነው ያለው፣ ይመር አሊ ይባላል» ስል ጣሰው የያዘውን ሻይ አስቀመጠ።

«የሐይቁ ይመር አሊ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ የሐይቁ ይመር ጓዴ ነበር። ሞቷል። ሲቆስል ተሸክሜ መኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። መኪናው መንገድ ላይ ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አጎቴ በሕይወት አለ። ያሳደገኝ እሱ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው በይመር ስም የሚኖር ሌላ ሰው ነው ያሳደገሽ» አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሐዘኔታ ነው የተናገረው።

ከእረፍት የተመለሰው ሙሀሲን ከጣሰው ጋር አንድ ክፍል ኖሯል። ጣሰው በየዓመቱ አንድ ቀን ከሙስሊም ሱቅ ሥጋ ገዝቶ፣ አብረውት የሚኖሩትን ሙስሊሞች «ለጓዴ ለይመር ዱዓ አድርጉልኝ» ብሎ ምሳ ያበላቸዋል አለኝ። ሙሀሲን ራሱ በልቷል። ይመር የተባለው እርስዎ መሆንዎን ግን አላወቀም።

አጎቴ፣ ሰውየውን ምን ልበለው?

ሀምዲያ


ሐይቅ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀምዲያ ሰኢድ

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ አላህ ልብሽን ከተንኮለኛ ይጠብቀው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ሳልመልስ የቆየሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም።

ጣሰው የሚባል ጓድ ነበረኝ። ሞቷል። እኔን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ምሽጉ ተመለሰ። ምሽጉ በዚያው ዕለት ተደረመሰ፤ የተረፈ የለም ብለው ሆስፒታል አልጋዬ ላይ ነገሩኝ። ቁስለኛ የጫነው መኪና ደግሞ አንድ አልነበረም፣ ሁለት ነበር። የነደደው ከኋላችን የነበረው ነው። እኔ የሞትኩትና የተቀበርኩት በዚያ ሰውዬ አፍ ብቻ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የሞተ ወታደር ስም ይዞ ዶሃ ላይ መጋዘን የሚጠብቀው ይህ ሰው ማነው? ለኢቃማ ሲል ስሙን የለወጠ ስንት የሰፈራችን ልጅ አለ? አንቺም ዕድሜሽን አስጨምረሽ አይደለም ወይ የሄድሽው? ይሄም የሟች ወረቀት አግኝቶ፣ ታሪኩን ከተረፉ ሰዎች ለቃቅሞ ይሆናል። ዛሬ በእኔ ስም ምሳ ያበላል፤ ነገ በእኔ ስም ገንዘብ ያስወጣችኋል። ለሙሀሲንም በሕይወት እያለሁ ሰደቃዬን መብላቱን ሰምቻለሁ በይልኝ። ጣፍጦት እንደሆነም ጠይቂልኝ።

ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። «ምን ልበለው» ብለሽ መጻፍሽ ነው። አጎቴ በሕይወት አለ ብለሽ ከተናገርሽ በኋላ ምን ሌላ ነገር ቀረሽ? ሰው ጠርጣራ ነኝ ይለኛል፤ እኔ ግን አንቺን ጠርጥሬ አላውቅም ነበር።

ይመር


አል ዋክራ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለይመር አሊ

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ቁጣዎን ያብርድልኝ፤ እኔንም ከዚህ ነገር በሰላም ያውጣኝ።

ከሚጠረጥሩኝ እውነቱን ልጻፍ። ልቤ ተከፍሏል። እርስዎ ከግንባር ሲመለሱ አያቴ አላወቀችዎትም ነበር። «ይህ የኔ ልጅ አይደለም» ብላ ደጅ እንዳቆመችዎ ዘይነባ እየሳቀች ስታወራ ነው ያደግሁት። ያኔ አብሬያት እስቅ ነበር። አሁን የማዳምን ባል፣ የባባን ልብስ እየተኮስኩ ትዝ ይለኝና አያስቀኝም። አባቴ ከሞተ በኋላ ያለ እርስዎ ማንም የለኝም። እርስዎ እርስዎ ካልሆኑ እኔ የማን ልጅ ነኝ?

ጣሰውም እንደኔ እንቅልፍ አጥቷል። «መኪናው ሁለት ነበር ብለዋል» ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ግን «ይህን ከሌላ ቁስለኛ ሊሰማው ይችላል» አለ። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፦

«አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። ከመለያየታችን በፊት፣ በዚያው ቀን፣ ለምሳ ምን በላን? ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።»

አጎቴ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ ሰው ምሳው ሳይደርስ ይመለሳል። ስሞቹን ነጭ ጨርቅ ላይ በጥቁር ቀለም መጻፍ ጀምሬያለሁ። ቀለሙ አንዴ ከተጻፈ አይለቅም። የእርስዎን ስም ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። አቶ በየነ «ያላ፣ ጨርሺው እንጂ» እያሉኝ ነው። በምሳው ቀን የሞቱትን ስም በድምፅ ማጉያ የማነበውም እኔ ነኝ። ያሳደገኝን ሰው ስም ከሟቾች ጋር እንዳነብ አያድርጉኝ። ሞቶ ከሆነ ደግሞ ላነበው ይገባኛል።

ሀምዲያ


ሐይቅ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀምዲያ

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ጥያቄው ደርሶኛል። አልመልስም።

የጠየቀው ሰው ጣሰው ካልሆነ መልሱ አይገባውም። ጣሰው ከሆነ ደግሞ ለሰው እንዳልናገር በእናቴ ያስማለኝ እሱ ራሱ ነው። እናቴ አፈር ከገባች ቆይታለች፤ እኔ ግን ያን መሐላ አልበላሁም። የሚፈታኝ ካለ እሱ ይፍታኝ። ኮቾሮ በላን ብዬ ብጽፍልሽ ማን ያውቅብኛል? በግንባር የነበረ ሁሉ ያን ደረቅ ብስኩት ነው የሚበላው። አንቺም ደስ ይልሽ ነበር። አልጽፍም።

እናቴ ደጅ ላይ ያቆመችኝ እውነት ነው። ከስቼ፣ ጠቁሬ፣ ፀጉሬ ተላጭቶ ነበር። አንቺ ያኔ አራት ዓመትሽ ነው። እናቴ «አላውቅህም» ስትለኝ አንቺ መጥተሽ እግሬን ያዝሽው። ማን ነህ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ዛሬ ጠየቅሽኝ።

ስሜን ከሟቾቹ ጋር መጻፍ ካማረሽ ጻፊው። ከእንግዲህ ምንም አትላኪልኝ። ባትሪውን ይህን ደብዳቤ በያዘው ሰው እጅ መልሻለሁ።

ይመር አሊ


አል ዋክራ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለይመር አሊ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አጎቴ እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ አባቴ ካላልኩ እጄ አልጽፍ አለኝ። እግርዎ ላይ ወድቄ አውፍ እንዲሉኝ እለምናለሁ።

ደብዳቤዎን የተቀበልኩት ምሳው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አንብቤ አለቀስኩ፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከሐዘን ይልቅ በንዴት ነበር። «መልሱን ስለማያውቀው ነው፤ መሐላን ሰበብ አደረገው» ብዬ አሰብኩ። ያን ማሰቤን ይቅር ይበሉኝ። ትናንት ጠዋት ማዳምን አስፈቅጄ፣ ጨርቁን ጠቅልዬ፣ በሜትሮ ባቡር ዶሃ ገባሁ። ብሩሹንና ቀለሙንም ይዣለሁ። ስምዎን እዚያው ልጽፈው ቆርጬ ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ዘማቾቹ የተበደሩትን ኮት ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል። ሩዝና ሥጋ የሞላበት ትልልቅ ሰሃን መሐል መሐል ተቀምጦ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዙሪያውን ከቦታል። ጣሰው ሲያየኝ ከወንበሩ ተነስቶ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ምን አለ?» አለኝ።

«አልመልስም አለ» አልኩት።

«እንዴት አልመልስም አለ?»

«ያስማለኝ ሰው ራሱ ይፍታኝ አለ። በእናቴ አስምሎኛል አለ።»

ጣሰው ግድግዳውን ደገፍ አለ። አንድ ሁለቴ ሳቀ፤ ከዚያ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። አቶ በየነ ውሃ ይዘው ሮጡ። እኔ ያመመው መስሎኝ ነበር።

«እሱ ነው» አለኝ ባርኔጣው ስር ሆኖ። «ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ብሎ ይገምት ነበር። አልናገርም የሚለው እሱ ብቻ ነው።»

ከዚያ የስም ማንበቢያው ሰዓት ሲደርስ ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ወሰደው። የተናገረውን እንዳስታወስኩ እጽፍልዎታለሁ፤ መሐላውን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ፈትቶልዎታልና።

«እኔ የቄስ ልጅ ነኝ» አለ። «በዚያ ቀን ስንቅ ከቀረብን ሰንብቶ ነበር። ጓዴ ይመር አንዲት ባለቤት የሌላት ፍየል ገደል ስር አገኘ። እኔ ባርዳት እሱ አይበላም፤ እሱ ቢያርዳት እኔ አልበላም። አንዳችን መራብ ነበረብን። እሱ ቢላዋውን ለኔ ሰጠኝ። 'አንተ እረድና ብላ፣ እኔ እችለዋለሁ' አለኝ። አልቻልኩም፤ መልሼ ሰጠሁት። ቢስሚላህ ብሎ አረዳት። ሲጠበስ ሸተተኝ። በላሁ። ከበላሁ በኋላ ፈራሁ። የእስላም ሥጋ መብላቴን አባቴ ቢሰማ ደጁን አያስረግጠኝም ነበር። ለማንም እንዳትናገር ብዬ በእናቱ አስማልኩት። ወዲያው ከባድ መሣሪያው ጀመረ። ይመር በሕይወት አለ፤ እስከ ዛሬም አልተናገረም።»

ወጣቶቹ ሳቁ። አንዱማ «ምስጢሩ ይሄ ብቻ ነው? ኸላስ፣ እኛ በየቀኑ እንበላው የለ እንዴ» አለ። እውነቱን ነው፤ እዚህ ያለ ክርስቲያን ሥጋውን ማን እንዳረደው ጠይቆ አያውቅም። የሳቁት ግን ወጣቶቹ ብቻ ናቸው። ፊት የተቀመጡት ዘማቾች መሬት መሬት ያዩ ነበር። ጣሰውም አልተቆጣም። ወጣቶቹን እያየ «እሰይ፣ ሳቁ» አላቸው።

የሟቾቹን ስም አነበብኩ። ክፍቱ ቦታ ላይ ስደርስ ሳላነብ አለፍኩት። አቶ በየነ «ጨርቁ አላማረም፣ ሌላ ስም እንጻፍበት» ቢሉ ጣሰው «እንዳለ ይሁን» አላቸው።

ከዚያ ተቀምጦ በላ። እኔ ግን አንድ ነገር ገባኝና እጄ ከሰሃኑ ቀረ። እርስዎ ፍየል የማይበሉት ለጨጓራዎ አልነበረም።

በስልክ ድምፁን ላሰማዎት? እሱም በጣም ይፈልጋል። ባትሪውንም እንደገና ልላከው።

ልጅዎ ሀምዲያ


ሐይቅ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀምዲያ

ወአለይኪ ሰላም ወረህመቱላህ። ረመዳን ከሪም። አላህ ጾምሽን ይቀበልልሽ፤ እንዳስለቀስሽኝ አያስለቅስሽ። አውፍ ብዬሻለሁ፤ ዳግመኛ አታንሺው። ባትሪውን ላኪው፣ ኮቴው አልጠፋም።

ደብዳቤሽን ዘይነባ ሦስቴ አስነበበችኝ። ሚስቴ ሆና በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሽሮ የሠራችው ለጨጓራ እንዳልሆነ አሁን አውቃ፣ ለምን አልነገርከኝም ብላ አኩርፋለች። ምን ብዬ ልንገራት? ፍየል ሲጠበስ የሚታየኝ ጣሰው አጥንቱን ሲግጥ ነው። የመጨረሻ ምሳውን እኔ አበላሁት፤ ያውም ከሃይማኖቱ አውጥቼ፤ ነፍሱ በኔ ቢላዋ ምክንያት ተጨንቃ ይሆናል እያልኩ ነው የኖርኩት። እሱ ደግሞ ለኔ ነፍስ ሥጋ እየገዛ ሰው ሲያበላ ኖሯል።

አሁንም ቢሆን ጨርሼ አላመንኩም። ሁለት ጊዜ መብላቱን ለምን አልተናገረም? መጀመሪያ ትንሽ ቀምሶ ተወ፤ ከዚያ ተመልሶ የኔን ድርሻ ጨምሮ ጨረሰው። ጠይቂውና ፊቱን እዪልኝ። ካፈረ እሱ ነው።

በስልክ አላናግረውም። በስልክ ማንም ሰው ማንንም መምሰል ይችላል። እሱ ከሆነ በእግሩ ይምጣ። እናቴ እንዳደረገችኝ ደጅ ላይ አቁሜ አየዋለሁ፤ ከዚያ አስገባዋለሁ።

ከቅዳሜ ገበያ አንዲት ፍየል ገዝቻለሁ። አሁን የሁለታችንም ጾም ነው። የኔ ቀድሞ ይፈታል፤ ዒድ ሲሆን ግን አላርዳትም፣ የሱ ፋሲካ እስኪደርስ ትቆያለች። ዶሃ ጥሩ ቢላዋ አይጠፋም፤ አንድ ገዝተሽ በሱ እጅ ላኪልኝ። ማን እንደሚያርድ ደጅ ላይ እንነጋገራለን። ባርድ እሱ ይበላል፤ ቢያርድ ግን በዚህኛው ጊዜ የምበላው እኔ ነኝ፣ ማስማልም የለብኝም።

ፎቶውን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል፤ በኪሱ ይያዘው።

አባትሽ ይመር አሊ